«ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር» ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ ስለ እንግሊዝኛ ድርሰት ሆኑብኝ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የሴሚስተሩ አጋማሽ ነው፣ የታረመ ወረቀት እጃችሁ ገብቷል። እኔም ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ሲና፣ ኋላም ደብረ ብርሃን ላይ 29 ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ሳከብብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አላልፍም። እንግሊዝኛውን እንደ ልማዴ በፊደላችን እጽፈዋለሁ። እናንተ ድምፁን ስሙት፤ ስፔሊንጉ ደብተራችሁ ላይ አለ።

ቲቸር፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ቤተሰባችን ጻፉ ተብለን የጻፍኩት ኤሴይ ከ10 አራት አገኘ። ግራመር ላይ መጥፎ አይደለሁም፤ 12ኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ከክፍላችን ከፍተኛ ካመጡት አንዷ ነበርኩ። ወረቀቱ ግን ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ የተጻፈ ነገር የለም። የመጀመሪያውን አንቀጽ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። (ከደብረ ሲና)

ልጄ፣ አንባቢም እንዲያየው አንቀጽሽን ላስቀድም።

«ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር። ሂ ሃዝ ስሪ ብራዘር። ኦልዞ ሂ ዲድ ኖት ለርን ኤጁኬሽን በት ሂ ኢዝ ቬሪ ክሌቨር። ሂ ማሪድ ዊዝ ማይ ማዘር ኢን ደብረ ሲና። ኤቭሪ ናይት ዊ ዲስከስ አባውት አወር ስተዲስ። ቢኮዝ ሂ ላይክ ኤጁኬሽን።»

ያልገባኝ ነገር የለም። አባትሽ ገበሬ ናቸው፣ ሦስት ወንድሞች አሏቸው፣ ባይማሩም ብልህ ናቸው፣ ማታ ማታ ስለ ትምህርት ያወሯችኋል። እንዲህ ካሉ አባት መወለድ መታደል ነው። ስህተቶችሽን ደግሜ ሳያቸው ግን ከአንዷ በቀር ሁሉም አማርኛ ሆነው አገኘኋቸው። የእንግሊዝኛ ልብስ የለበሰ ጥሩ አማርኛ ነው የጻፍሽው።

«ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ» የመጣው ከየት ነው? የእኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ይሄዳል። «መጣ» ስትዪ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንደመጣ ውስጡ አለ። «ነው» ስትዪ እሱ፣ «ናት» ስትዪ እሷ። የእንግሊዝኛው «ኢዝ» ግን ማንንም አላዘለም። ጆሮሽ የሆነ ነገር ጎደለበትና «ሂ»ን አቀበለው። አባትሽ እኮ አንዴ ተጠርተዋል፤ ወዲያው ደግመሽ አትጥሪያቸው። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» ይበቃል።

«ስሪ ብራዘር» ላይ ደግሞ፣ እኛ «ሦስት ወንድም አለኝ» ብንል የሚነቅፈን የለም። ገበያ ወርዶ «አምስት እንቁላሎች ስጪኝ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ከሬዲዮ ዜና አምልጦ የመጣ ነው። ቁጥሩ ከተጠራ ብዛቱ ታወቀ ብለን እናልፋለን። እንግሊዝኛ ቁጥሩ ተነግሮትም ጫፉ ላይ «ኤስ» ካላየ አያምንም፤ «ብራዘርስ» ይላል።

«ኦልዞ» እና «በት» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በ29 ዓመት ውስጥ ከማንኛውም በላይ ያከበብኩት እሱን ነውና። «ምንም እንኳን ባይማርም፣ ግን ብልህ ነው» እንላለን። ተቃርኖውን ከፊትም ከኋላም እናስረዋለን፤ የአህያ ጭነት ይመስል በሁለት ወገን ካልታሰረ ይገለበጥብናል። እንግሊዝኛ በአንድ ገመድ ያስራል። «ኦልዞ» ካልሽ ኮማ አድርገሽ ዝም ብለሽ ቀጥዪ። «በት»ን ከወደድሽ «ኦልዞ»ን አውጪው። የትኛውን ማስቀረት ይሻላል ካልሽኝ፣ ለጀማሪ «በት» ይቀላል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ሆኖ ይቀርልሻል።

«ለርን ኤጁኬሽን» የመጣው ከ«ትምህርት ተማረ» ነው። ዝናብ ዘነበ፣ ፈተና ተፈተነ፣ ዘፈን ዘፈነ፣ ሥራ ሠራ ማለት ለእኛ ጆሮ ማር ነው። «ዘ ሬይን ሬይንድ» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀይ ላደርግበት እጄ እንቢ ብሎኛል። እንግሊዞቹ ግን «ኢት ሬይንድ» ብለው ያልፋሉ። አንቺም «ሂ ዲድ ኖት ጎ ቱ ስኩል» በዪ።

«ማሪድ ዊዝ» እና «ዲስከስ አባውት» እህትማማች ናቸው። ከእናቴ «ጋር» ተጋባ፣ «ስለ» ትምህርታችን እንወያያለን፤ «ጋር» «ዊዝ» ሆነ፣ «ስለ» «አባውት» ሆነ። «ሂ ማሪድ ማይ ማዘር»፣ «ዊ ዲስከስ አወር ስተዲስ» ነው የሚባለው፤ መሃላቸው የሚገባ የለም። «ሜንሽን» እና «ኤምፋሳይዝ» የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። «ቶክ» ግን «አባውት»ን ይፈልጋል፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ግስ እንደ ሰው ነው፣ አንዱ ብቻውን ይሄዳል፣ አንዱ አጃቢ ይወዳል።

አራት ነጥብ አድርጎ፣ ትንፋሽ ስቦ፣ «ምክንያቱም…» ብሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር በአማርኛ ያምራል። «ቢኮዝ» ግን እንደዚያ ብቻውን መቆም አይችልም፤ ዋናው ዓረፍተ ነገር እዚያው አጠገቡ ሊኖርለት ይገባል። ነጥቡን አንሺና አያይዣቸው።

አማርኛን የማልወቅስበት አንዱ ስህተት «ሂ ላይክ» ነው። «ኤስ»ን የየትም አገር ተማሪ ይረሳታል። እኛ ግን ለማመካኘት አይመቸንም፤ እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ትበያለሽ፣ ይበላል፣ ትበላለች እያልን ለእያንዳንዱ ሰው ግስ ስንለዋውጥ የምንውል ሰዎች ለአንዲት «ኤስ» እንዴት እንሰንፋለን?

የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ አልዋሸሽም። የብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛ ምርጫ ነው፤ «በት» ያለበትን መልስ አይተሽ ማለፍ ትችያለሽ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ግን አራት ዓመት ስታጠቁሪ ነው የኖርሽው። አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሽ ታርሞ የተመለሰልሽ ስንት ጊዜ ነው? በጣትሽ የምትቆጥሪው ይመስለኛል።

አሁን ደብተርሽን ገልብጪና የመጨረሻውን ገጽ ለሁለት ክፈዪው። በአንድ በኩል አማርኛውን ጻፊ፣ ለምሳሌ «ምንም እንኳን… ግን»፤ በሌላው በኩል እንግሊዝኛው የሚፈቅደውን። ከዚህ አንቀጽ ብቻ ስድስት መስመር ይወጣልሻል። ቀጣዩን ኤሴይ ከማስረከብሽ በፊት አንዴ «በት»ን ብቻ፣ አንዴ «ኤስ»ን ብቻ እየፈለግሽ አንብቢ። ሁሉንም በአንድ ንባብ የሚለቅም ዓይን እኔም የለኝም።

«ዘ» የምትባለዋን የት እንደማስገባ ግራ ገብቶኛል። ሳበዛት ይሰረዛል፣ ስተዋት ይጨመርብኛል። (ከሸዋ ሮቢት)

እዚህ ላይ አማርኛህ ወዳጅህ ነው። ቃሉን በአማርኛ በለው። «ልጁ»፣ «ልጅቷ»፣ «ቤቱ»፣ «መኪናዋ» ብለህ ጭራ ካበጀህለት፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ «ዘ» ይፈልጋል። «አንድ ሰው መጣ» ካልክ «ኤ ማን» ነው። ምንም ካልጨመርክበት በእንግሊዝኛም «ዘ»ን አትጨምርበት፦ «ትምህርት ጠቃሚ ነው» ስትል «ትምህርቱ» አላልክም፤ ስለዚህ «ዘ ኤጁኬሽን» አትበል፣ «ኤጁኬሽን» በቃ።

የሚያመልጥህ አለ። «ፀሐይ ወጣች» ስንል ፀሐይን ጭራ አንቀጥልላትም፣ እነሱ ግን «ዘ ሰን» ይሏታል፤ አንድ ብቻ ስለሆነች የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለች ብለው ነው። እናንተ ሸዋ ሮቢቶች ደግሞ ፀሐይን ሳትጽፉ አትውሉም፤ ይህችን በቃልህ ያዛት። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ፈርኒቸር» የሚባሉትን ደግሞ እንደ ዱቄት ቁጠራቸው፤ «ኤ»ም «ኤስ»ም አይቀበሉም። «አንድ ዱቄት፣ ሁለት ዱቄት» ይባላል? «ሆምወርክስ» የሚለውን መምህራንም ሲሉት እሰማለሁ፤ ቢሆንም አትከተላቸው።

ቲቸር፣ እኔ እንኳን የእርስዎ የሙያ ባልደረባ ነኝ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ አለኝ፣ አምስት ክፍል አስተምራለሁ። ኤሴይ ባዝዝ መቼ አርሜ እጨርሳለሁ? ባላዝዝ ደግሞ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። (ከዓለም ከተማ)

ወንድሜ፣ 310 ወረቀት ነው። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጥ እንኳ ከ15 ሰዓት በላይ ይወስድብሃል፤ መብራት ካልጠፋ።

መሐል ሜዳ ሳለሁ ሁሉንም ስህተት አከብብ ነበር። ማታ ጋቢ ደርቤ፣ ኩራዝ አብርቼ፣ ወረቀቱን የአረፋ በግ ያረድኩበት አስመስዬ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆሎውን ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት፤ የራሴ ቀይ እስክሪብቶ ነው። የሰኞ ማታዬ! ልጁ አንዱንም ሳያነብ ለእናቱ ሰጥቷታል። አልፈርድበትም፤ 40 ክብ ያለበትን ወረቀት ማን ያነባል?

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ገጽ ብቻ አጽፋለሁ፤ የማየውንም አንድ ስህተት አስቀድሜ እናገራለሁ። «የዛሬ ሳምንት የማየው ‹ቢኮዝ›ን ብቻ ነው» እላቸዋለሁ። ሌላውን እያየሁ እንዳላየ አልፋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ያሳክካል፣ ኋላ ይለመዳል። ከወረቀቶቹ ሦስት ዓረፍተ ነገር መርጬ ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ እጽፍና ክፍሉ ያርማቸዋል። አንዱ ወረቀት ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። አንተም ሞክረው። ሰሌዳ ላይ የጓደኛቸውን ስህተት ሲያድኑ የሚሰማ ጩኸት በግራመር መጽሐፍ ክፍለ ጊዜ ሰምቼው አላውቅም።

«ማይ ስኩል ስታርትስ አት ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብዬ ብጽፍ የጥያቄ ምልክት ተደረገብኝ። ግራመሩ ልክ ነው አይደለም? ደግሞ «አወር ኒው ይር ኢዝ ሴፕቴምበር 1» የሚለውም ተሰርዟል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ «ኢት ኮልድስ ሚ» የሚለውም እንዲሁ። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአንኮበር)

ግራመሩ ልክ ነው፤ ሰዓቱ ነው ያሳበደህ። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን እነሱ «ኤይት ኦክሎክ» ይሉታል። «ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ አንኮበር ላይ ከጅብ በቀር ትምህርት የጀመረ የለም። ስድስት መጨመር ወይም መቀነስ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ የውጭ አገር መምህር «ሚቲንግ አት ስሪ ኦክሎክ» የሚል ብጣሽ ወረቀት በበሩ ሥር አስገባሁለት። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተሰብስበን፣ ፈረንጅ ቀጠሮ ያከብራል ሲባል ሰምተን የለም እንዴ እያልን አምተነው ተበተንን። እሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ከች አለ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ያገኘው ዘበኛው ነው። በማግስቱ ወረቀቴን አምጥቶ አሳየኝ። ስፔሊንጉን አመሰገነልኝ።

ስለ እንቁጣጣሽ፦ «መስከረም ማለት ሴፕቴምበር» ብለን ስለተማርን ነው ቀኑንም ይዘነው የምንሄደው። መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ደግሞ 12። የልደት ዓመትህንም ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምርበት። አለበለዚያ በአንድ ድርሰት ውስጥ ከታላቅ ወንድምህ ትበልጣለህ።

«በረደኝ» ስንል ብርዱ ነው አድራጊው፣ እኛ ተደራጊ ነን። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ከፋኝ» ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ነገሩ መጥቶ ያዘኝ ነው የምንለው። እንግሊዝኛ ሰውየውን ያስቀድመዋል፦ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ሃንግሪ»። አንኮበር ላይ በሐምሌ የአማርኛው የበለጠ እውነት ይመስለኛል፤ ፈተና ላይ ግን «አይ አም ኮልድ» ብለህ ጻፍ።

በአማርኛ ጽፌ በስልኬ ባስተረጉመውስ? (ስም የለውም፣ ከደብረ ብርሃን)

ስልክህ «ማይ ፋዘር ሂ» አይልም። አንተ ግን ነገም ትላለህ። መጀመሪያ ራስህ ጻፈው፣ ከዚያ ስልኩ የሰጠህን አጠገቡ አድርግና የተለያዩበትን ቦታ አስምርበት። ያሰመርክበትን ወደ ደብተርህ የመጨረሻ ገጽ አስገባው። ስም ያልጻፍከው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

እትዬ መምህርት፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ይህንንም የጻፈችልኝ ልጄ ናት። ወንዱ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ስለ በጎቻችን ጽፎ መምህሩ ሳቁበት። መርከብ ብለሃል አሉኝ ይላል። በግና መርከብን ምን አገናኛቸው? እኔስ ያልተማርኩት ሰው በምን ላግዘው? (ከመንዝ)

ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጅዎን በእኔ ስም ያጽናኑልኝ። በእኛ ፊደል ቢጻፉ በጉም መርከቡም «ሺፕ» ናቸው፤ አንዱ ሳብ ይላል፣ አንዱ ቆረጥ ይላል፣ ፊደላችን ግን አይለያቸውም። ጆሯችንም ስላልለመደው አይለያቸውም። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በጉ መካከሉ ላይ ሁለት «ኢ» ይደረደርለታል፣ መርከቡ አንድ «አይ» ብቻ ነው ያለው። ልጅዎ አባቴ 30 መርከብ አለው ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ በመንዝ ደጋ 30 መርከብ ያለው ሰው ደግሞ ግብሩ ይበዛበታል።

ሌላም ጉድ አለ። ከላይ ለደብረ ሲናዋ ልጅ ከቁጥር በኋላ «ኤስ» ጨምሪ ብያለሁ። በግ ግን እንቢ ይላል፤ አንድም በግ «ሺፕ» ነው፣ 30ም በግ «ሺፕ» ነው። እንደ አማርኛ ከሚቆጠሩት ጥቂት እንስሳት አንዱ የእናንተው ሆነ።

እርዳታውን በተመለከተ፣ ያልተማረ አባት የሚያግዘው ብዙ ነው። ማታ ልጅዎ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ነጥብ ላይ ሲደርስ ይቁም። ነጥብ ሳይደርስ ትንፋሹ ካለቀ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ «ቁረጠው» ይበሉት። እኛ «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በጎቹን አውጥቶ፣ ወንዝ አሻግሮ» እያልን ግሱን መጨረሻ ላይ እስክናሳርፈው ሰው በትዕግሥት ይጠብቀናል። እንግሊዝኛ አንባቢ ማን ምን እንዳደረገ ቶሎ ካልተነገረው መንገድ ይጠፋበታል። ከዚያ ልጅዎ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይንገርዎ። እርስዎ «ማን?» እና «ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከወረቀቱ ላይ በጣቱ ማሳየት ካቃተው፣ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወሬውን ይስጡት። የተማሪ ድርሰት የሚሞተው በግራመር ብቻ አይደለም፤ «አግሪካልቸር ኢዝ ቬሪ ኢምፖርታንት ፎር አወር ካንትሪ» የሚል መስመር ስንት ሺህ ጊዜ አንብቤ ይሆን? ልጁ እኮ መንዝ ነው ያለው። በግ እንዴት እንደሚሸለት፣ ጠጉሩ እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚፈተል፣ ለአንድ ባና የስንት በግ ጠጉር እንደሚገባ እርስዎ ያውቁታል። አንድ ማታ እሳት ዳር አስቀምጠው ይንገሩት፤ በማግስቱ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፈው። ለእኔም ቢልክልኝ በደስታ አርምለታለሁ፤ የማየው ግን «ሺፕ»ን ብቻ ነው።